የሙሽራዋ ፎይል

የመሻገሪያው ገመድ ጧት ላይ ተበጥሶ
ታንኳው ማዶ ቀርቷል፣ ድንጋይ ተንተርሶ።
ኤሉቴሪዮ ሽማግሌው፣ ባለታንኳው፣ መጣ፤
ውኃውን አየና ሲጋራ አወጣ።
«ነገ» አለን፣ በቃ።
ነገ ለእሱ ቀን ነው፤
ለእኔ ግን ሠርግ ነው።
ፊሎሜና ከማዶ ናት፣ ፀጉሯን ታጥባ ቁጭ ብላ፣
ጫፉን ወርቅ ላደርግላት፣ በቃሌ ተታልላ።

ሻንጣዬን ፈተሽኩት፦
ብሩሽ፣ ማበጠሪያ፣ ሁለት ጠርሙስ ቀለም፣
አንድ ጥቅል ፎይል። የሚበላ የለም።

ባልታሳር ሹፌሩ ድንችና ካሮት ጭኗል፤
«የሰው ንብረት ነው» ይላል፤ እሱም ግን ርቦታል።
እየማለ እየተገዘተ ጆንያውን ፈታ፣
«አይጥ በላው እላለሁ» አለና ተረታ።

ናዌል ደግሞ፣ ያ ልጅ፣ ከጧት ዝም ያለው፣
ቆርቆሮ ጣሳ ላይ ሲባጎ ጠምጥሞ
ወረወረ፣ ጠበቀ፣ ሳበ ደጋግሞ፤
ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አራት ትራውት ያዘ፣
ጅራታቸው በእጁ ላይ እየተወዛወዘ።

«መጥበሻ ያለው አለ?» ተባለ። ዝም ተባለ።
እኔም ዝም አልኩ።
ፎይሉ ግን ሻንጣዬ ውስጥ አለ።

ሃያ ቅዳጅ ይበቃል ለአንዲት ሴት ፀጉር፤
ሃያ አምስት ነበረኝ። ቆጠርኩ። ስቆጥር
ሆዴ ጮኸ፣ ሒሳቡ ጠፋብኝ፤
ለየዓሣው ሦስት ሦስት፣ አሥራ ሁለት ቀደድኩ።

ድንቹን እንደ ፔሶ፣ ካሮቱን እንደ ክብሪት፣
ሽንኩርቱን በቀለበት። ጨው ከኤሉቴሪዮ ኪስ፣
ከትምባሆ ጋር የኖረ። ዘይት ከየት ይምጣ?
ባልታሳር ከወንበሩ ሥር የሰርዲን ጣሳ አወጣ፣
ዘይቱን ጨመቀበት፤ «ዘመድ ለዘመድ» አለ።

እኔ ጠቀለልኩ።
ጠርዙን ማጠፍ፣ መድገም፣ በማበጠሪያ ጭራ
መጫን። ለቀለም የተማርኩት ለእንፋሎትም ሠራ።

የፓታጎኒያ ነፋስ እሳቱን ሊበትን
መጣ፤ በጀርባችን ከለልን፣ አራታችን ሆነን።
ነበልባሉ እስኪሞት ጠበቅን ተርበን፤
ረመጡን በዱላ ወደ ዳር ሰብስበን
ቀበርናቸው።

መጀመሪያ ዝም። ቀጥሎ ሹክሹክታ፣
ቀጥሎ ጠብ፣ ቸስ፣ የቅባት ጨዋታ።
ኤሉቴሪዮ ጎንበስ ብሎ «ገና ነው፤ ያወራል።
ዓሣ ወሬ ሲያልቅበት፣ ያኔ ነው፣ ይበስላል።»

ወሬው አለቀ።
ስንከፍተው እንፋሎቱ ፊታችንን መታ፤
ሥጋው ከአጥንቱ ለቀቀ፣ በጣት ገና ሲነካ።
ከታች ያለው ድንች ጠቁሯል፤ አልተጣለም፤
ከዚያ ጥቁር ይልቅ የጣመኝም የለም።
ዓሣ መብላት በብልሃት ነው፤ ሲጨልም ደግሞ
ብልሃቱ ዝምታ ነው፤ እሾህ በምላስ ይፈለጋል።
ናዌል ብቻ ተናገረ፣ የዚያን ቀን የመጀመሪያ ቃሉን፦
«ሌላ አለ?»
አልነበረም።

ሌሊት በወንዙ ውኃ፣ በአመድና በአሸዋ
ሰባቱን ቅዳጅ አጠብኩ፤
ጣቴ ደነዘዘ፣ ሽታው ግን አልወጣ።

ገመዱ ረፋድ ላይ ተቋጠረ። ተሻገርን።
ፊሎሜና አልጮኸችም፤ ተቀመጠች። ጀመርን።
አሥራ ሦስት አዲስ፣ ሰባት የተጨማደደ፣
በራሷ ላይ ብልጭ ብልጭ፣ ሰዓቱም ነጎደ።
አማቷ ገባችና አፍንጫዋን ነፋች፣
ድስቱን ሁሉ ከደነች፣ መስኮት ከፈተች።
«ለግብዣው ዓሣ አለ እንዴ?»
«ትናንት ነበር» አልኳት።

ፀጉሯ ወርቅ ሆኖ ወጣ፤ ማንም እንከን አላገኘ።
ማታ ግን አኮርዲዮኑ ሲጀምር፣
ከሙሽራዋ ጋር የጨፈረ ሁሉ
ምክንያቱን ሳያውቅ ራበው።