ስምንት ድምፅ፣ ለአንድ ቀን

በቅዳሜ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ሲሞላ፣
ተሸክሜ ገባሁ የተዋስኋትን ቪዮላ።
ከጣና ዳር ካለው ከወጣቶች አዳራሽ፣
ጣሪያው የወፍ ቤት፣ ወለሉ የሲሚንቶ ፍርስራሽ።

ሰባት ሰው ነበርን፦
ያለምወርቅ ከአዳር ሥራ፣ የፋርማሲ ጋዋን ደርባ፣
አንማው የባጃጁን ቁልፍ ከቼሎው መቃኛ ሰቅሎ ሲገባ፤
ሁለት መንትዮች ከፖሊ፣ አንድ ሳጥን ለሁለት፣
አንዱ ሲሳሳት ሌላው የሚቆጣበት፤
እንየው ማሲንቆውን በነጠላ አቅፎ፣
«ለማየት ነው» ያለ፣ በሩን ተደግፎ፤
እኔ፣ የባንክ ቤት ገንዘብ ቆጣሪ፣
እና ባይለየኝ፣ ከአዲስ አበባ በሌሊት የተነሣ አስተማሪ።

«ይህን የጻፈው» አለ፣ ወረቀት እያደለን፣
«ከሞተ ሦስት መቶ ዓመት አልፎታል፤ እኛ ግን ይኸው አለን።
ክሩ ያኔ የበግ አንጀት፣ ደጋኑ የፈረስ ጭራ» ሲል፣
እንየው ከበሩ ሥር ፈገግ አለ፣ ዘመዱን በሰው ሰርግ ያገኘ ያህል።

ሐይቁ ክር ያላላል። ስንቃኝ ስንቃኝ ረፈደ፤
የላዩ ሲጠብቅ የታቹ ወረደ።

የእኔ መስመር የመሀል ነው፤ ዜማ አይደለም፣ መሠረት አይደለም፤
ካለሁ ማንም አይሰማኝ፣ ከጎደልሁ ግን አይሞላም።
«አሥራ አንድ ምት ዝም በል» ይላል ወረቀቱ፤
የሰው ብር ስቆጥር የማልሳሳተው፣ ዝምታ ስቆጥር ጠፋኝ ቤቱ።

አንማው ተቆጣ፦
«ከአባይ ማዶ ጊዮርጊስ፣ ከጊዮርጊስ አባይ ማዶ፣
ይሄ የባጃጅ መስመር ነው፤ ስምንት ድምፅ፣ ወርዶ ወርዶ!»
ባይለየኝ ሳቀ፦ «እነሱማ ተሳፋሪ ናቸው፤
ያውሩ፣ በመስኮት ይዩ፤ አንተ መንገድ ከሳትህ ግን ማን ሊያደርሳቸው?»

ቆሮሶ በላን፤ ደጋን እንዳናቆሽሽ እጃችንን ሁለቴ ታጠብን፤
እምቦጭ ከወረረው ዳር ቆመን፣ ታንኳ ሲቸገር ታዘብን።
ያለምወርቅ በተቀመጠችበት ተኛች፣ ቫዮሊኗ በጭኗ፣
ጣቶቿ ብቻ ነቅተው፣ ይቆጥሩ ነበር በጋዋኗ።

ከሰዓት ዘጠኝ ጊዜ ጀምረን፣ ዘጠኝ ጊዜ ወደቅን፤
ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል አሉ፤ እኛ በገዛ ድራችን ተጠልፈን ሳቅን።

ከዚያ መብራት ሄደ።
ወንበሩን ወደ መስኮቱ ጎተትን። የቀረን ብርሃን ከውኃው ላይ ነበር።

ኖታው ሲደበዝዝ ዓይናችን ከወረቀት ተነሣ፤
የአንማው ትከሻ ትንፋሽ ሲስብ አየሁ፤ የእኔም መቁጠር ተረሳ።
ስምንት ድምፅ ወረደ። ደግሞ። ደግሞ። አንዱም ሌላውን አልመሰለ፤
ከላዩ የሚያልፈው ይለዋወጣል፣ መንገዱ ግን እዚያው አለ።

አሥራ ሰባተኛው ቤት ስንደርስ፣ ሁልጊዜ ከምንገባበት ጉድጓድ፣
ከበሩ ሥር ቀጭን ድምፅ መጣ፣ ያልተጻፈ፣ እንዳልተጠራ ዘመድ።
እንየው ነበር፤ ነጠላው ተፈትቶ፣ ባንድ ክር ከአንማው ጋር ሲወርድ፤
ባይለየኝ ሊያስቆመው እጁን አነሣ፤ እጁም አየር ላይ ቀረ፣ ሳይወርድ።

አልገጠመም። ልዋሽ አልችልም። የእሱ ቅኝት ሌላ፣ የእኛም ሌላ፤
ግን ጉድጓዱን አለፍነው፣ ሁላችንም፣ የውሰቷም ቪዮላ።

ባይለየኝ ወረቀቱን ሰብስቦ፣ «ነገ ጎንደር ነኝ» አለና ሄደ፤
ቼሎውን እንደ ተሳፋሪ ከኋላ አስቀምጦ፣ አንማው ወደ አባይ ማዶ ወረደ።

ሰኞ ጠዋት፣ ወረፋው እስከ በር ተዘርግቶ፣
የአንድ ገበሬ የሽንኩርት ገንዘብ ስቆጥር፣ ጣቴ ቆመ፣ ስምንት ላይ ተገትቶ።
«ጎደለ?» አለኝ ደንግጦ። «የለም፣ ሞልቷል» አልሁት፤
ግን ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ ቀስ ብዬ፣ እንደገና ቆጠርሁት።