የዘበኛው ምሳ

ከሲሚንቶ ፋብሪካው፣ ከቀኑ ፈረቃ፣
ስመለስ፣ ጭንቅላቴ አቧራ ጠጥቶ ሲያበቃ፣
ከዚራ ሰገነት ላይ ጓደኞቼ ጀግና ሆነው፣
"ዛሬስ የት ነን?" ይሉኛል፣ ዳይሱን ሳህን ላይ ጥለው።

ይሄኔ ነው የቀዩ መጽሐፍ ውለታ የሚገባኝ፤
ሰባ ሁለት ክፍል አለው፣ በር በበር የሚያስገባኝ።
ወጥመዱን አስቦልኛል፣ የብረት መዝጊያውን ክብደት፣
የዘንዶውን ዕድሜ፣ የወርቁን ብዛት።
አልፈጥርም፤ አነባለሁ፤ እንደ ባቡር በሐዲዱ፣
ጣቢያ በጣቢያ ይደርሳሉ፣ ወደ ዋሻው የሚሄዱ።

ግን ሂርሲ አለ። ሂርሲ ሰይፉን አይመዝም፤
ዘበኛውን "ምሳ በላህ?" ይለዋል፣ እንደ ወንድም።
ገጽ ባገላብጥ፣ ዘበኛው "ቁም!" ከማለት ሌላ፣
ስም የለው፣ ሚስት የለው፤ ቁርስም አልበላ።

ሰማያዊው ደግሞ ስስ ነው፤ ግማሹ ባዶ ወረቀት፤
ሁለት እህት፣ አንድ ድልድይ፣ የቆየ የርስት ሙግት።
ሂርሲ ይወደዋል። እኔ ላይ ግን፣ በደከመኝ ማታ፣
ባዶው ገጽ ያፈጥብኛል፣ እንደ አበዳሪ ጌታ።

ቀዩ ውስጥ ወንዝ አለ፤ ሁሌ ሙሉ፣ ገጽ አርባ ላይ።
የኛ ደቻቱ አሸዋ ነው፤ ኳስ እንጠልዛለን እሱ ላይ፣
እስኪመጣ። ሲመጣም ዝናቡ የሌላ አገር ነው፣
ሰማዩ ጥርት እንዳለ፤ ማን ጽፎ ማን ሊያነበው?

ሐሙስ መብራት ጠፋ። ቀዩን ከድኜ፣ ድምፄን አወፍሬ፣
"ሮብሌ እባላለሁ" አልኩ፤ "ምሳ አልበላሁም፣ እዚሁ ተገትሬ።"
ሂርሲ ሳቀ፤ ዝናብ አለበት በሱ ቋንቋ ስሙ፤
ዳቦ ሊቆርሱለት አራቱም ተነስተው ቆሙ።

መዝጊያው ግን የቀዩ ነው፤ ክብደቱን አልለቀቀ፤
አምስት ሆነው ገፉት፤ ዳይሱ ሳህኑ ላይ ወደቀ፤
መብራት እስኪመጣ፣ ስንት እንደሆነ ማንም አላወቀ።