ደከመኝ

እኔ ስሜ ዌንላን፣ ሥራዬ ማስተርጎም፣
የሰው አፍ ተውሼ ለሰው ጆሮ መቆም።
በሼንያንግ ከተማ፣ ስድስተኛው ፎቅ ላይ፣
መስኮቱ ሰሜን ነው፤ በረዶ ነው ሰማይ።
ከግሪክ ከብራዚል ባሕሩን አቋርጦ
ሊፈርም የመጣ ከፊቴ ተቀምጦ፣
አርባ ሁለት ገጽ አነብለታለሁ፤
«ይህስ ምንድን ነው?» ሲል፣ «ምንም አይደል» እላለሁ።

ገጽ ዘጠኝ፦ ቅጣት። ጎማው መሬት ሲነካ
ጠንከር ያለ እንደሆን ማሽን ነው የሚለካ፤
በሚቀጥለው ወር ከደመወዙ ላይ
ይነሣል፤ ማን ነሣው? አይጠየቅ፣ አይታይ።
ገጽ ሃያ፦ ውሉን ያፈረሰ ቀድሞ
የሥልጠናውን ዋጋ ይመልሳል ደግሞ።
ገጽ አርባ፦ ዕረፍት። አንዲት መስመር ናት፤
«እንደ ሥራው ጠባይ» ይላል ያረቀቃት።
እንደ ሥራው ጠባይ!
ሥራ ጠባይ ካለው፣ ማነው ያሳደገው?

ካፒቴን ኦታቪዮ ረጅም ሰው ነበር፣
ጎንበስ ማለት ያውቃል ሲገባ በእኛ በር።
ሻንጣው እጀታ ላይ ቢጫ ክር ታስሯል፤
ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም።
ከእመት ጉዋን ጋሪ፣ እሑድ በመሸ ሰዓት
ፒር ይገዛ ነበር፣ ውርጭ ያጠቆራት፣
እንደ ድንጋይ የደረቀች፤ ከማሞቂያው ላይ አኑሮ
እስክትለሰልስ ይጠብቃል፣ እንቅልፉ እንደሁ በሮ።

ሰኞ ሌሊት ኡሩምቺ። ማክሰኞ ሌሊት ሳንያ።
ረቡዕ ቀን ሊተኛ ሲል ጎረቤቱ ግድግዳ ሲበሳ፤
ረቡዕ ማታ ስልክ፦ «ሰው ጎድሎናል፤ ተነሣ።»
ሐሙስ ሊነጋ ሲል፣ ነፋስ ከጎን ገፍቶ፣
አውሮፕላኑ አረፈ አስፋልቱን መትቶ።
የተጎዳ የለም። አንድ ብርጭቆ ሻይ ፈሰሰ።
ማሽኑ ግን ጻፈ፤ ጽሑፉም ደረሰ።

ሚስተር ፋንግ፣ ሐኪሙ፣ እሱ፣ እኔ። በሩ ተዘጋ።
«ምን ሆነህ ነው?» ተባለ።
ቆብን ከጠረጴዛ አነሣ፣ መልሶ አስቀመጠ።
ከዚያ አንድ ቃል ብቻ፦
«ደከመኝ» አለ።

ፋንግ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ፣ በለሆሳስ፦
«ደከመኝ ካለ የሚጠየቀው የበረራው መርሐ ግብር ነው፤
መርሐ ግብሩ የእኔ ነው፤
ቃሉን አለዝቢው።»

አለዘብኩት።
«ደካማ ነኝ ይላል» አልኩ።

አንድ ግንድ፣ ሁለት ፍሬ።
አንዱ የሌሊቱ ዕዳ ነው፣ አንዱ የባለ ሥጋው።
ሐኪሙ ሁለተኛውን ጻፈ፤ ቀለሙ አልነጠፈበትም።
ከዚያ ደም ቀዱ፤ ደረቱ ላይ ሽቦ ለጠፉ፤ ሩጥ አሉት፤
ጭንቅላቱን በማሽን አነሡ።
ድካም ፈልገውበት የማይገኝበት ማን አለ?
ፈቃዱ ታገደ፣ ደመወዙም አብሮ።
በአርባኛው ቀን ጎንበስ ብሎ ወጣ፣ በለመደው በር።
ክፍሉን ሊያጸዱ ሲገቡ ማሞቂያው ላይ ሦስት ፒር፣
ለስልሰው፣ አልፈው፣
ውሃቸው ምንጣፉ ላይ ጠብ፣ ጠብ።

በእኛ ቋንቋ ድካም «ሌይ» ነው። እንባም «ሌይ» ነው።
ፊደሉ ይለያል እንጂ ድምፁ ያው ነው።
ይህን አልነገርኩትም። ትርጉም የሚጠይቀኝ እሱ ነበር፤
ያን ቀን ግን አልጠየቀኝም።

ዛሬ ሶልት መጣ፣ ከሃንጋሪ፣
ጢሙን ገና አሁን የተላጨ፣ አገጩ ላይ የምላጭ ጭረት።
ገጽ አርባ ላይ ጣቱን አሳርፎ፣
«ይህስ ምንድን ነው?» አለኝ።

እስክሪብቶውን ከእጁ ወሰድኩ።
«ከመፈረምህ በፊት አንድ ቃል ተማር።
በራስህ አፍ በላት፤ ለእኔ በአደራ አትስጠኝ፤
እኔ አደራ በልቻለሁ።»

«ሌይ» አለ፤ ድምፁ ሽቅብ ወጣበት፣ እንደ ጥያቄ።
«አይደለም» አልኩት፤ «ወደ ታች ነው፤
መሬት ሊነካ እንደሚወርድ ነገር።
እስቲ እንደገና።»