ሰሙ ሳይቀልጥ

ፔካሎንጋን፣ ወንዙ እንደ ሳምንቱ ትእዛዝ
አንድ ቀን ቀይ፣ አንድ ቀን አረንጓዴ በሚፈስበት ሰፈር፣
ዋርሲቲ ጣሳውን ገልብጣ መታ መታ አደረገችው፤
የወጣው አንድ ማንኪያ ሰማያዊ ብናኝ፣ ሌላው ዝገት ነበር።

ሃያ አራት ጨርቅ ገመድ ላይ ይጠብቃል፤
ሽመላው፣ ሐረጉ፣ የደመናው ጠርዝ በሰም ተጽፎ አልቋል።
ሠርጉ ዓርብ ነው። ሰኞ ወደ ማታ ያዘነብላል።

የካስሙሪ ደብተር ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል።
ሽማግሌው በጾሙ ወር ሞቷል፤
እጅ ጽሑፉ ግን አሁንም ያዝዛል፦
«ሶዳ በእፍኝ። ውሃ ከጉድጓድ። አንድ ሰዓት። ከዚያ እጠቢ።»
ጣሳው ሲያልቅ ምን እንደሚደረግ አልጻፈም።

ኮ ሊየም ከመደርደሪያው ሌላ ጣሳ አንሥቶ አቧራውን አበሰ፤
«ስሙ ያው፣ ክብደቱ ያው፣ ዋጋው እንዲያውም ረከሰ፤
አንዲት ፊደል ናት የተለወጠችው። ሰማያዊ ሰማያዊ ነው!»
ዋርሲቲ ፊደሏን አየቻት። በአንዲት ፊደል ቤት ሲፈርስ
ከዚህ በፊት አይታለች፣ ባሏ በፈረመው ወረቀት።
ገንዘቡን ግን ቆጥራ ሰጠችው።

የመዳፍ ስፋት ቁራጭ ቀዳ ነከረች በሶዳ፤
አንድ ሰዓት ቆጠረች፣ ሁለት ጨመረች።
ስታጥበው ሰማያዊው ሁሉ፣ ጫማውን እንዳላወለቀ እንግዳ፣
ደህና ሁኑ ብሎ በቦዩ ወረደ።
እጇ ላይ የቀረው የለቅሶ ማግስት ዓይን ይመስላል።

ቀለም ሁሉ ክርን የሚይዝበት የራሱ እጅ አለው።
አንዱ በቀዝቃዛ ውሃ ይታረቃል፤
ይኼኛው ግትር ነው፣ ውሃው ሊፈላ ጥቂት ሲቀረው ነው
ጣቱን የሚዘረጋው። እሳት ስጪኝ ይላል።
እሳት ብትሰጠው ደግሞ፣

ወርቅ አንጣሪ ቢሆን ጥበብ የወረሰው፣
ሰሙ ሲቀልጥለት ወርቁን ባፈሰሰው፤
እዚህ ግን ሰም ማለት የወርቁ ግድግዳ፣
ከቀለጠ ጠፋ ሽመላው ከሜዳ፤
ሰም ይዞ መክረም ነው የዚህ ሙያ ዕዳ።

ማክሰኞ ጠዋት ጎረቤቷ ንጋቲኒ አጥሩን ተደግፋ፣
ጥርሷን በክብሪት እንጨት እየጎረጎረች፣
«ሦስተኛ ዘር አለ» አለቻት።
«እሳትም አይጠይቅሽ። በብሩሽ ቀቢው፤
ሲደርቅ የመስታወት ውሃ አልብሺውና ሂጂ ተኚ።
ሌሊት ነው የሚያጣብቀው።»
«ስንት ሰዓት?»
«ሌሊት አልኩሽ። ሰርቀሽ አታይው።»

አንዱን ጨርቅ ብቻ ቀባች።
የመስታወት ውሃው ጣቷን እንደ ዓሣ አንሸራተተው።
ሁለት ጊዜ ተነሥታ በባትሪ አየችው፤
ለንጋቲኒ ግን ተኛሁ ብላለች።

ረቡዕ ሲነጋ አጠበች።
የመጀመሪያው ውሃ ሰማያዊ፣ ሁለተኛው ቀጠን ያለ፣
አምስተኛው ለመጠጥ የሚሆን የመሰለ።
ያዘ።
ያዘ፣ ያው ግን አይደለም፤ ካስሙሪ ከሚያወጣው
አንድ ጠብታ ያህል ወደ ቅጠል ያጋደለ።

የሙሽራዋ እናት የድሮ ሻሿን አምጥታ አጠገቡ ዘረጋች።
«ይኼ የካስሙሪ አይደለም።»
«አይደለም። የእሱ ጣሳ አልቋል።»
ሴትዮዋ ጣቷን በምራቋ አርጥባ ጨርቁን አሸችው፣
ነጭ እጅጌዋ ላይም ጠረገች፤ እጅጌዋን ለረጅም ጊዜ አየችው።
«ሃያ ሦስቱንም» አለች።

ማታ፣ ሁሉም ተቀብቶ ሌሊቱን ሲጠብቅ፣
ዋርሲቲ ደብተሩን ከምስማሩ አወረደች፤
«አንድ ሰዓት» ከሚለው ሥር በእርሳስ ጻፈች፦
ለዚያ ጣሳ ብቻ።

ግትሩ አልተጣለም። ከአልጋዋ ሥር ተቀምጧል፤
አንድ ቀን ሰም ያልነካው ጨርቅ ይመጣለት ይሆናል።