ማጠፊያ

አርባ ሦስት ዓመት በር ስሠራ ኖሬ፣
የጥድ ሳንቃ ልጬ፣ ወረቀት ወጥሬ፣
እዚህ ኖሺሮ ላይ፣ ከባሕሩ አጠገብ፣
ነፋስ እያፏጨ በረዶ ሲያዘንብ፣
ከእጄ የወጣ በር ብርድ አሳልፎ አያውቅም።
ኩራት ነው ካላችሁ፣ ኩራት ነው፤ አልክድም።

መጀመሪያ የከዳኝ የሸሚዜ ቁልፍ ነው፤
ቀዳዳው ፊቴ ቆሞ ጣቴ የማያገኘው።
ቀጥሎ መብያው ዘንግ፦ ባቄላ ስለቅም
አንዷ ፍሬ አመለጠች፤ ሌላዋም፣ ሌላዋም።
ሚስቴ ፉሳኤ አየች። አይታ ዝም አለች፤
በማግሥቱ ማንኪያ ከሳህኔ አኖረች።
ከዚያ እግሬ፤ ደረጃ ስወርድ ተንገዳገደ፣
መሬቱ ጥጥ ሆኖ ከሥሬ ሄደ።
«እርጅና ነው» አልኩኝ። ጎረቤትም አለ።
የስንቱን በሽታ ዕዳ እርጅና ተሸክሞ ዋለ!

ሐኪሟ ሃያሳካ እጄን አስዘርግታ፣
«ይጨብጡ፣ ይፍቱ» አለች፣ ሰዓቷን አይታ።
በአሥር ሰከንድ ውስጥ ጤነኛ ሃያ ይሞላል፤
የእኔ ጣት አሥራ አንድ ላይ ደክሞት ተቀምጧል።
ጉልበቴን በመዶሻ ቀስ ብላ ብትነካው
እግሬ እንደ ደነበረ በቅሎ ነው የዘለለው።

ምስሉ መጣ። አንገቴ፣ ነጭና ጥቁር፤
በአከርካሪው ቦይ ውስጥ አንድ የነጣ መስመር፣
ከሦስተኛው አጥንት እስከ ስድስተኛው
እንደ ሻማ ቀልጦ ቁልቁል የወረደው።
«ጅማት ነበር» አለች፣ «የሚተጣጠፍ መቀነት፤
ካልሲየም፣ ማለት ኖራ፣ ጠጥቶ ሆነ አጥንት።
የነርቭዎን መንገድ ከግማሽ በላይ ዘግቷል።
ኪኒን አያሟሟውም። ወተት ቢተዉም ያው ይቆያል።»

ኖራ! በባልዲ ነበር እኔ የማውቃት፤
ለካስ ውስጤ ኖራ፣ ቤት ሳላከራያት።

«ታዲያስ?» አልኩ። ወረቀት ስባ በእርሳስ ሣለች፦
«የአጥንቱን ቅስት ከኋላ፣ በአንድ ጎን እቆርጣለሁ፤
በሌላው ጎን ግማሹን ብቻ እፍቃለሁ፣ እንዲታጠፍ።
ከዚያ ገርበብ አደርገዋለሁ።
ኖራዋን አልነካም። ነርቭዎ ፈቀቅ ብሎ ይተነፍሳል።»

ሥዕሉን አየሁት። አየሁና ሳቅሁ።
«ዶክተር፣ ይህማ በር ነው!
ማጠፊያው ጋ ብዙ አይፋቁት፣ ይሰበራል፤
ተመልሶ እንዳይዘጋም ሽብልቅ ያሻዋል።»
«ሽብልቁ ቲታኒየም ነው» አለች፣ «አቶ ኩራሞቺ፣
እንደ እርስዎ ያለ ረዳት አጥቼ ነው የኖርኩት።»

በመጋቢት ተከፈትኩ። አሁን ግንቦት ነው።
ባቄላው አንዳንዴ ዛሬም ያመልጠኛል።
ሐኪሟ አላታለለችኝም፦ «እንዳይብስ ነው እንጂ፣
የሄደው ሁሉ ይመለሳል አልልም» ብላለች።
አርባ ሦስት ዓመት ስዘጋ የኖርሁ ሰው
ገርበብ ባለ በር ነው አሁን የምተነፍሰው።

ቁልፎቼን እዘጋለሁ፤ ከታች ወደ ላይ፣ አምስቱን።
ስድስተኛዋን፣ ከአንገቴ ሥር ያለችውን፣
ፉሳኤ ትዘጋልኛለች፤ ጣቷ ቀዝቃዛ ነው።
እንደምችል አልነገርኳትም።