የቤት ቁጥር አራት መቶ ሰማንያ ሁለት

ከቱሉ ዲምቱ ዳር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣
በአንዱ መስኮት ክሬን፣ በአንዱ ጤፍ ሲታይ፣
ሦስት ዓመት ሙሉ ልቦለድ ጀምሬ፣
አንድ ንጉሥ ገድዬ፣ አንዲት ንግሥት ድሬ፣
ምዕራፍ ሦስት ላይ ቆሜ ቀርቻለሁ።
ንጉሡ ከሞተ ዓመት አልፎታል፤
ቀብሩ ላይ የሚያለቅስ አንድ ሰው አጣሁ።

ውሃ የሚመጣው ማክሰኞ ነው፣ ሊነጋጋ፤
ደረጃው በጀሪካን፣ በጩኸት ሲናጋ፣
አስናቁ ከታች ፎቅ "ተነሱ!" ስትል፣
ከላይ ያለው ጎረምሳ በርሜል ሲያንከባልል፣
እኔ ጆሮዎቼን በጥጥ ደፍኜ
"ዝም ቢሉኝ ምናለ" እላለሁ አዝኜ፣
"ዝም ቢሉኝ ንጉሤን በክብር ባስቀበርኩ።"
ሳላውቀው ስንት ሰው ደጅ ላይ አሳደርኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ቃሊቲ፣ ታክሲው ሞልቶ፣
ኦብሳ "ሁለት ሰው! ቱሉ!" ሲል ድምፁ ተዘግቶ፣
አንድ ሽማግሌ በር ይዘው መጡ።
በር። የእንጨት። ሰማያዊ። ከነማጠፊያው።
"አባቴ፣ ይኼ ነገር በስንት ሰው ነው?"
"እኔ በአንድ፣ እሱ በሁለት። ሒሳቡ ያው።"
ሰው ሳቀ። ሹፌሩ በመስታወት ገላመጠ።
በሩ ከኋላ፣ በአራታችን ጉልበት ላይ ተቀመጠ፣
እንደ ባዶ ገበታ።
እኔ በኩል ያረፈች አንዲት ዝገታም ቆርቆሮ፦
የቤት ቁጥር አራት መቶ ሰማንያ ሁለት።
ልቤ ተርገፈገፈ እንደ ዶሮ።

አቃቂ ድልድይ ሳንደርስ ሚስት ሰጠኋቸው፤
ድልድዩን ስንሻገር ቀበርኩባቸው።
ኬላው ጋ ቤታቸውን በግሬደር አፈረስኩ፣
በገዛ ልጃቸው እጅ በሩን አስነቀልኩ፤
መጨረሻ ፌርማታ ስንደርስ እንባዬ መጣ፣
ያ ለንጉሥ እንኳ አልወጣም ያለው፣ ወጣ።

ስንወርድ በአንድ ጫፍ ይዤ አገዝኳቸው።
"የቤትዎ በር ነው?" ብዬ ጠየቅኳቸው፣
አዛኝ ድምፅ አውጥቼ፣ አንገቴን ሰብሬ።
"የት አውቄው ልጄ! ገዛሁት ዛሬ፣
ምናለሽ ተራ ነው። ሁለት ሺህ ቢሉኝ
በሺህ ሰባት መቶ፣ የዶሮ ቤት ሊሆነኝ።"

ስልካቸው ጮኸ፦ ሚስት። ያቺ የቀበርኳት።
"ሸዋንግዛው! ሽንኩርቷን እንዳትረሳት!"

አፈርኩ። ዝም ብዬ በሩን ተሸከምኩ።
ስንት ዓመት ሰው ሳይ ሐዘን ብቻ ስመትር
ዶሮ ቤት መኖሩን አላሰብኩም ነበር።

ከብሎኮቹ ጀርባ፣ ጭቃው መንገድ ላይ፣
በሩን ከመብራት እንጨት አስደገፉና
በአውራ ጣታቸው ቁጥሯን ጠረጉ፣ ቀስ ብለው።
"ይቺን ልንቀልልዎ ቢለኝ ሻጩ፣ ተው አልኩት፣ ተው።
ማን ያውቃል? ከሩቅ አገር የመጣ ዘመድ፣
ቁጥሯን በብጣሽ ወረቀት ይዞ የሚሄድ፣
ሰፈሩ ፈርሶበት የሚዞር ቢኖርስ ሰው?
ዞሮ ዞሮ እኔ ደጅ ቢደርስ፣ ቢያንኳኳው?
'ግባ፣ ዶሮዎቹ ደህና ናቸው' ልለው?
ይጨንቀኛል ከአሁኑ፤ ምን ይባላል ለሱ?"
አሉኝ። ቀልድ አይደለም። ቆሙ ለመልሱ።

መልስ አልነበረኝም።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። ሌሊት። ጥጡን ጣልኩ።
ወረቀቴ አናት ላይ ያቺን ቁጥር ጻፍኩ፣
ከሥሯ "አንኳኳ" የሚል አንድ ቃል አከልኩ።
ማን እንደሆነ ገና በደንብ አላየሁትም፤
ጫማው ጭቃ ነው፤ ወረቀቱ ረጥቧል፤
ስሙን አልነገረኝም።
ንጉሡ ይቆይ። የሞተ ሰው አይቸኩልም።

ኳ ኳ ኳ።
"አንቺ! ውሃው መጣ! ሊሄድ ነው፣ ተነሺ!"
አስናቁ ናት። ተነሳሁ። ጀሪካኔን አነሳሁ፤
እስክሪብቶው አፌ ውስጥ እንዳለ ረሳሁ።