ወረራ የማያውቅ

ሴምዮን ጡረታ ወጣና ሻንጣውን አሰረ፤
ሐይፋ፣ ልጁ ዘንድ፣ ገበታውን ይዞ ተሻገረ።
ስድስት ክረምት፣ ከክሊኒኩ በር፣ ሌሊቱን ከጎህ ስናስታርቅ፣
እሱ በሩስኛ እያጉረመረመ፣ እኔ ባማርኛ ዝም እያልኩ፣
ሁለት ዘበኛ ነበርን፣ ሁለት ንጉሥ የምንጠብቅ።
አሁን ካሜራው ቀረኝ፣ ባለ አራት መስኮት፤
ድመት ስታልፍ አያለሁ፣ ካንዱ ቤት ወዳንዱ ቤት።

ማክሰኞ፣ ደመወዝ እንደገባ፣ ወረድኩ ወደ አሮጌው ከተማ፣
መጽሐፉ ቤርሳቤህ ያላት፣ ከሾፌሩ አፍ ቤር ሼቫ ስትባል የምትሰማ።
ከሰዓት ጠጋኙና ከቁልፍ ቀራጩ መሐል ጠባብ ሱቅ አለች፣
ባትሪ፣ ራዲዮ፣ የገመድ ጥቅል እስከ ጣራዋ የተሸከመች።
ባለቤቱ ኒሲም፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣
«ቼዝ የሚጫወት ማሽን? ለልጅህ ነው?» አለኝ። አፈርኩ፤ ቶሎ
መልስ አልመጣልኝም።

ሦስት ዘረጋልኝ።

የመጀመሪያው ይናገራል፤ የሴት ድምፅ፣ በዕብራይስጥ፣
«ተራህ ነው» የምትል፣ ለማሰቢያ እንኳ ፋታ የማትሰጥ።
እንዲህ ያለ ድምፅ አውቃለሁ፣ ከውስጥ ጉዳይ ቢሮ፤
ማነው ወረፋ የሚገዛ፣ በገንዘቡ፣ በኪሱ ቋጥሮ?

ሁለተኛው ቀጭን ነው፤ መስታወቱ ያበራል፤
በጣት ሲነኩት ፈረሱ ውሃ ላይ እንዳለ ቅጠል ይንሸራተታል።
ደስ ይላል። ሌሊት ግን ብርሃኑ ፊቴ ላይ ወድቆ ቢያሳጣኝ፣
ተቆጣጣሪው ከመኪናው ሳይወርድ «ስልክ ላይ ነበር» ብሎ ነው የሚጽፈኝ።

ሦስተኛው ግራጫ፣ ወፍራም፣ ከሳሙና የማይበልጥ፣
ወታደሩን ስትጫነው ጠቅ ብሎ ቀዳዳው ውስጥ የሚሰምጥ።
ያገለገለ ነው፤ ከጀርባው «ማልካ» የሚል ተጽፏል፣
የሴት ስም ይሁን ንግሥት ማለት፣ እንጃ፤
አንዱ ጥቁር ፈረስ ጠፍቶ፣ በክብሪት እንጨት ተተክቷል።

«ስንት ደረጃ አለው?» «ስድሳ አራት። ከታች ጀምር፣ አትቸኩል።»
«መሸነፍስ ይችላል?» ኒሲም ሳቀ፤
«ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ፣ ማሸነፍ ይችላል ወይ እያለ ነው» አለኝ፣ ቁልፉን ሲነካካ።

ሌላም ጥያቄ ነበረኝ፤ ዕብራይስጤ አልደረሰለት።
አጎቴ ባይሳሳው፣ ደምቢያ፣ ለባላባቱ ሰንጠረዥ ከቀንድ ሲቀርጽለት፣
ከደጅ ቆሞ፣ በጆሮው ሰርቆ ነው ጨዋታውን የለመደው፤
ለኔም አፈር ላይ ገበታ አስምሮ፣ በጠጠር ያወረደው።
በዚያ ጨዋታ መጀመሪያ ላይ ተራ የለም፤ ወረራ ነው፤
መደቁ፣ ፊሉ፣ ፈረሱ፣ የሁለቱም እጅ ባንዴ የሚያንቀሳቅሰው፤
ማንም ማንንም አይጠብቅም፣ አንዱ እስኪበላ፤
ተራ የሚባል ነገር የሚመጣው ከሞት በኋላ።

ይህ ወረራ አያውቅም። አንድ እሱ፣ አንድ እኔ። ሳስበው አሳቀኝ፤
አውቶቡስ ሲመጣ ሁሉ በክርኑ በሚገባበት ከተማ፣
ተራውን የሚጠብቅ ፍጡር፣ በዘጠና ሸቀል አገኘሁ።
ባትሪውን ኒሲም መረቀኝ።

ሌሊት ስምንት ሰዓት። ደረጃ አራት። ቀይ ነጥብ፣ እንደ ትንኝ ዓይን፣
ታስባለች። ጠቅ።
አሸነፈችኝ። አልተሳለቀችም፤ «ሻይህ ቀዝቅዟል» አላለችም፤
ከድል በኋላ ምን እንደሚደረግ ማንም አላስተማራትም።
አንድ ጊዜ ልሞክራት ብዬ፣ የኔንም የሷንም ባንዴ አስሮጥኩ፣ በሁለት እጄ፣ እንዳጎቴ፤
ጮኸች። ሁሉንም ወደ ቦታው መለስኩ፣ ይቅርታ ብዬ፣ ደንግጬ፣ በጉልምስናዬ፣ በሞቴ!

ዓርብ ከቀትር በኋላ፣ ሻማ ሳይበራ፣ ሐይፋ ደወልኩ።
«ጥቁሩ ማነው?» አለ ሴምዮን። «ማልካ ትባላለች» አልኩ።
«ፈረሷ የክብሪት እንጨት ነው፤ ንጉሤን ጥግ አስይዛዋለች፤
መልስ አጣሁ፤ ግን ሰንበት እስኪወጣ ታግሣኛለች።»
በስልኩ ሕፃን ሲሮጥ፣ ሳህን ሲጋጭ ይሰማኛል፤
ጉርምርምታውን ጠበቅሁ፤ አሁን ይጀምራል፣ አሁን ይሰድበኛል...

ዝም አለ።
ረጅም ዝምታ፣
ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ባማርኛ።